የአዴ ዘይነብ ሁለት ጉልበቶች

ሰኞ፣ ሐምሌ 7። ጠዋት 1፡40

መነጽሩን ጠረግሁ። ባትሪው ሙሉ ነው። ሻዬን ግማሹን ጠጥቼ ወጣሁ፤ ግማሹን እንደ ልማዴ ለዝንቦቹ። አሁን ቀዶ ጥገና ክፍል በር ላይ ተቀምጫለሁ። የመጀመሪያው ታካሚ ገና ከዋርድ አልወረደም። ስለዚህ ማስታወሻዬ፣ ላንቺ ጊዜ አለኝ።

ስለ መነጽሩ ባለፈው ሳምንት በአንድ መስመር ነግሬሽ አለፍኩ። በደልኩሽ። አሥራ ስድስት ዓመት የሰው እግር ሳደነዝዝ የኖርኩት አንገቴን ጠምዝዤ ነው። በአንድ እጄ የአልትራሳውንዱን ራስ ጭኑ ላይ እይዛለሁ፣ በሌላው መርፌውን። ምስሉ ግን ከአልጋው ማዶ፣ ማሽኑ ላይ። እጄ እዚህ፣ ዓይኔ እዚያ። አሁን ምስሉ መነጽሩ ውስጥ ገብቷል። ከቀኝ ዓይኔ ጥግ ተንጠልጥሎ አብሮኝ ይዞራል። እጄንና ነርቩን በአንድ ላይ አያለሁ። አንገቴ ከስንት ዓመት በኋላ የኔ ሆነ።

ለሁለት ወር ለሙከራ ነው የተሰጠን። አንድ ብቻ። ውጤቱ ካማረ ይቀርልናል ይላል ዶ/ር ይርጋ፣ የአጥንት ሐኪማችን። እኔ ከአሁኑ የራሴ አድርጌዋለሁ። በነጠላ ቁራጭ ጠቅልዬ ሳስቀምጠው አይቶ፣ ጡጦም አዘጋጂለት አለኝ።

ነርቭ ምን እንደሚመስል ታውቂያለሽ? የማር እንጀራ። በግራጫ ሥጋ መካከል ትንሽ ነጭ የማር እንጀራ። አጠገቡ ጥቁር ክብ፣ ድም ድም የሚል፤ ደም ስሩ ነው። መጡ። ልሂድ።

ያው ሰኞ። ከቀኑ 8፡20። ቤት

ሙቀት። ድሬ ተኝታለች። ከዚራ ሰፈር ያለው መንገድ ላይ አንድ ባጃጅ ብቻ ጥላ ስር ቆሟል፤ ባለቤቱ እግሮቹን በመሪው ላይ ሰቅሎ ያንኮራፋል።

ዛሬ ሦስት ሰው አደነዘዝኩ። ሦስቱም ሳይሰማቸው ተሠሩ። መነጽሩን ካወለቅሁ በኋላ ግን ዓይኔ ግራጫውን ይፈልጋል። ሁሉ ነገር ድርብርብ ሆኖ ይታየኛል። የመኝታ ቤቴ ግድግዳ ቀለም ተልጧል፤ ከነጩ ስር ሰማያዊ፣ ከሰማያዊው ስር አባቴ ባቡር ላይ ሲሠራ የቀባው ቢጫ። ሦስቱንም ንብርብር ስቆጥር እንቅልፍ ወሰደኝ። በደረቁ የደቻቱ ወንዝ ውስጥ በባዶ እግሬ ስሄድ አለምኩ። አሸዋው ይመታ ነበር። ድም ድም። አልፈራሁም።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 9። ከቀኑ 11፡00

ዋርድ ወጥቼ የሚመጣው ማክሰኞ የምትሠራዋን አየሁ። አዴ ዘይነብ፤ ሁሉም አዴ፣ እናቴ ነው የሚላት። ታይዋን ገበያ ውስጥ ጨርቅ ትሸጣለች፤ ከሱቋ ያልተገዛ የሙሽራ ቀሚስ በዚህ ከተማ የለም ይባላል። ሁለቱም ጉልበቶቿ አልቀዋል። የባሰው ቀኙ ነው፤ እሱ በሰው ሠራሽ ይቀየራል። ግራው በሌላ ጊዜ፣ ከወራት በኋላ። ሁለቱን ባንድ ቀን አድርጉልኝ ብላ ዶ/ር ይ.ን ለመነችው። አይሆንም አላት። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ነገሩ እኔ ላይ ነው የወደቀው። አስም አለባት፤ ሙሉ በሙሉ ማስተኛት ያስፈራል። አከርካሪዋ ተጣሟል፤ የወገብ መርፌ አይገባም። የቀረው የእግሯን ነርቮች አንድ በአንድ ማደንዘዝ ነው። የኔ መርፌ ከሳተ ቀዶ ጥገና የለም።

ሦስት ዓመት ወንበር ላይ ሆና ነው የምትሰግደው። የምትፈልገው አንድ ነገር ነው አለችኝ፤ ግንባሯን መሬት ማስነካት። ስትናገር መዳፏን አንሶላው ላይ አሳረፈች።

ዶ/ር ይ.ን ባነጋገረችው ቁጥር አንተ ትለዋለች። እሱ የጎንደር ልጅ ነው፣ ከመጣ ገና ስድስት ወሩ፤ በሰማ ቁጥር ቅንድቡ ይነሳል። የድሬ ሰው ለማንም እርስዎ አይልም፣ ንቀት አይደለም ብዬ ስንት ጊዜ ነገርኩት። ገና አልለመደውም።

መነጽሩን አሳየኋት። ላጥልቀው አለች። አጠለቅሁላት፤ የማሽኑን ራስ የራሷ ጭን ላይ አሳረፍኩ። ያቺ ብዙ ተናጋሪ ሴትዮ ወደ መነጽሩ ጥግ አፈጠጠች። ነርቭሽ ይኼ ነው፣ የማር እንጀራ አይመስልም? አልኳት። ራሷን ነቀነቀች። «ምን ማር አለው አቦ። ዳንቴል ነው እንጂ። ሱብሃነላህ፣ ውስጤ ዳንቴል አለ።»

ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎኝ ዋልኩ።

እሑድ፣ ሐምሌ 13። ከቀኑ 10፡30

ደቻቱ መጣ። እኛ ጋ ጠብታ አልወረደም፤ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። ዝናቡ ከላይ ከተራራው ነው። ሰው ሁሉ ድልድዩ ላይ ተደርድሮ ያያል። እኔም ቆምኩ። ቡናማው ውሃ ደረቁን አሸዋ እየላሰ መጣ፣ መሀል ላይ ያለችውን ጉብታ በግራና በቀኝ ከበባት፣ ደሴት አደረጋት። መድኃኒቱ ነርቭን ሲከብ ልክ እንደዚያ ነው። አጠገቤ ለቆመች ሴት ልነግራት አፌን ከፈትኩና ተውኩት። ምን ልትለኝ።

ማክሰኞ አዴ ናት። አልፈራሁም። ይህን ስጽፍ ገረመኝ፤ ድሮ እፈራ ነበር።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 15። ከቀኑ 6፡30

ልጻፈው። ካልጻፍኩት ሕልም ነበር ብዬ እተወዋለሁ።

ጠዋት 2፡30። አዴ በአልጋ ገባች። ተረኛዋ ነርስ ከወረቀቱ አነበበች፤ ዘይነብ፣ ቀኝ ጉልበት። አዎ አልኩ። እኔ ነኝ ያልኩት፣ ድምፄን አስታውሳለሁ። ዓይኔ ግን ግራጫው ውስጥ ገብቶ ነበር። ነርሷ መድኃኒት ልትከፍት ዞረች። ከፊቴ ያለው ጉልበት ላይ ቀስት አየሁ። ዶ/ር ይ. ትናንት የሚሠራውን ጉልበት በቀስት ምልክት ሲያደርግ አጠገቡ ነበርኩ። ቀስት አለ። በቃ።

ዳንቴሉ ወዲያው ታየ። እንደዚያ አምሮ አያውቅም። መርፌው ገባ፣ መድኃኒቱ ፈሰሰ፣ ከበበው፣ ደሴት ሆነ። ደስ አለኝ። ማስታወሻዬ፣ በዚያች ደቂቃ በጣም ደስተኛ ነበርኩ። ይኼም ይጻፍ።

ሁለተኛውን መርፌ ሳነሳ አዴ እጄን ዳበሰችኝ። «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ከግራዋ ጀመርሽልኝ? አላህ ይስጥሽ። እሷን ደግሜ ለመለመን አፍሬ ነበር።»

መነጽሩን ወደ ግንባሬ ገፋሁት። ግራ ጉልበት። ቀስት አለበት። ማዶ ቀኙ። እሱም ላይ ቀስት አለ።

ለቀኙ የሚበቃውን ያህል ብጨምር መድኃኒቱ ከልክ ያልፋል፣ ልቧን ሊያቆም ይችላል። ለዛሬ አበቃ። ዶ/ር ይ. እጁን ታጥቦ ሲገባ ግራ እግሯን በዓይኔ ጠቆምኩት። ፊቱ ተለዋወጠ። ከዚያ ወጣና በር ላይ ለምትጠብቀው ልጇ ለነጅማ መብራት እየዋዠቀ ነው፣ ማሽኑ አይታመንም፣ ለሚቀጥለው ማክሰኞ አዛውረነዋል አላት። መብራት ሲባል ማን ይጠይቃል? ነጅማ አልሐምዱሊላህ እንኳን መሀል ላይ አልሆነ አለች።

እኔ አጠገቡ ቆሜ ነበር። ዝም አልኩ።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 16። ከቀኑ 7፡00

ግራ እግሯ ነቃ። ጉዳት የለውም። ትናንት ሙሉ ቀን በመዳፏ መታ መታ ስታደርገው ዋለች አሉኝ፣ የሰው ሕፃን አደራ የተሰጣት ይመስል።

ሁለት ቀስት እንዴት እንደመጣ ዛሬ ገባኝ። ከነጅማ ነው የሰማሁት፤ እየሳቀች ነው የነገረችኝ፣ ምንም አላወቀችም። እናቷ ለስግደት ስትታጠብ የዶ/ር ይ. ቀለም እየለቀቀ አስቸገረ። እንዳይጠፋ ነጅማ በሒና ደረበችበት። ከዚያ እናቷ ሒናው ሳይደርቅ ግራዋንም ምልክት አድርጊባት አለቻት። ጊዜ ካገኙ እንዳይረሷት። ነጅማ ደግሞ ለሠርግ ሒና የምትቀባ ልጅ ናት፤ ሁለተኛው ላይ እጇ ተፍታቶ ቀስቱን አሳመረችው። የሳበኝ ያማረው ነው።

ግን ሒናው አይደለም። ራሴን አላታልል። ድሮ ማሽኑ ከምወጋው እግር ማዶ መቆም ነበረበት፤ ካልሆነ ምስሉን አላይም። ስለዚህ በየታካሚው ያን ከባድ ማሽን እየገፋሁ አልጋውን እዞራለሁ። ወዴት ልግፋው ብዬ ወረቀቱን አያለሁ፣ የሰውየውን ፊት አያለሁ፣ ደግሜ ወረቀቱን። አሥራ ስድስት ዓመት ያማረርኩት ግፊያ ነበር የሚጠብቀኝ። መነጽሩ ሲመጣ ማሽኑን ጥግ አቆምኩት። አልጋው ሲገባ በተገኘሁበት ጎን ቀረሁ።

ሌላም አለ። መነጽሩ ሁሉን ቀርጾታል። ግራ ጭኗን፣ መርፌውን፣ ድምጿን። አንዴ ብነካው ቀረጻው ይጠፋል። ጣቴን አስጠግቼ ብዙ ቆየሁ። ዶ/ር ይ. የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም፣ እግሯ ተርፏል፣ ዝም ብንል ማንም አይጎዳም አለኝ። በክፋት አይደለም። መነጽሩን እንዳይወስዱብን ነው፤ አንገቴን ያውቃል።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። የቸገረኝ ማደሩ ነው።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 17። ከቀኑ 9፡10

ነገርኳት።

ነጅማ ምሳ ልታመጣ ወጥታ ነበር። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። መብራቱ አልዋዠቀም፣ አዴ። እኔ ነኝ ግራሽን በስህተት የወጋሁት አልኳት። ቀልድ መሰላት፤ ሳቀች። ፊቴን አይታ ተወችው። እጄን ይዛ ነበር፤ ለቀቀችኝ።

ስለ ሒናው አላነሳሁም። እሷ አነሳችው። በኛ ምክንያት ነው ወይ አለችኝ። አይደለም፣ እኔ ልጠይቅሽ ይገባ ነበር አልኳት። ጉልበቶቿን አየች። ከዚያ፣ ቀስ ብላ፣ «የመርፌው ስህተት ነው። ሰው ይሳሳታል። መብራቱ ግን ስህተት አይደለም፣ ርብቃ። ልጄ ለመብራቱ አልሐምዱሊላህ ስትል ቆመሽ ሰማሻት።»

ስሜን ጠራችኝ። ከመጣች ጀምሮ ኢንተላ ኮ፣ ልጇ ነበርኩ።

ሂጂ አለችኝ። ሄድኩ።

አርብ፣ ሐምሌ 18። ከቀኑ 11፡00

አዴ ፈርማ ወጣች። ነጅማ ባጃጅ አስገብታ ወሰደቻት። ማክሰኞ ትመጣ እንደሆነ ማንም አያውቅም። አልጋው ተነጠፈ፣ ሌላ ሰው ተኛበት።

ጥፋቱን በጽሑፍ አስገባሁ፣ በስሜ። የመነጽሩን ቀረጻም አያያዝኩ። ዶ/ር ይ. አነበበው፣ ብዕሩን አውጥቶ ከስሬ አንድ መስመር ጨመረ፤ መብራት ነው ያልኩት እኔ ነኝ ይላል። ፈረመ። መነጽሩን ሊወስዱት እንደሚችሉ አለቃችን ነግሮናል።

ይውሰዱት። ውሸት ጻፍኩ። አይውሰዱት። ግን ሌሊቱን... አይ፣ እንቅልፍ ስለማጣቴ አልጽፍም። በጣም አፍሬያለሁ። ይኸው ነው።

እሑድ፣ ሐምሌ 20። ከቀኑ 10፡00

ታይዋን ሄድኩ። ጫማ ልገዛ ነው ብዬ ራሴን እየዋሸሁ። እግሬ ግን ወደ ጨርቅ ተራው ወሰደኝ።

አዴ ሱቋ ውስጥ ከፍ ያለ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች፣ ቀኝ እግሯ ካርቶን ላይ ተዘርግቷል። አየችኝ። አላባረረችኝም፤ በአገጯ ጥግ ያለውን በርጩማ አሳየችኝ። ተቀመጥኩ። ከዚያ ረሳችኝ። ከጣሪያው ጨርቅ ተንጠልጥሏል፣ ሮዝ፣ ወርቃማ፣ ነጭ፣ ፀሐይዋ በውስጡ እየገባች ወለሉ ላይ ትንቀሳቀሳለች። እንደ ውሃ ስር ነው። ሰው ይገባል፣ በሶማሊኛ ይጠይቃል፣ በኦሮምኛ ትመልሳለች፣ በአማርኛ ይከራከራሉ። እኔ ጥግ ላይ። እንቅልፍ እንቅልፍ አለኝ።

አንዲት የሙሽራ እናት መጣች። ዳንቴል ፈለገች፣ ነጭ። አዴ ለካች፣ አጠፈች፣ መቀሱን አነሳች። አልቆረጠችም። ሴትየዋን ጣትሽን አሳርፊ አለቻት። ሴትየዋ ቸኩላለች፤ አንቺ ለክተሽ የለ አለቻት። አዴ መቀሱን አስቀመጠች። ሴትየዋ ጣቷን ጨርቁ ላይ አሳረፈች። እዚህ ጋ? እዚህ። ከዚያ ብቻ መቀሱ ገባ።

ሁሉንም እንደዚያ ነው የምታደርገው። ስድስት ሰው ቆጠርኩ፤ ስድስቱም ጣታቸውን አሳረፉ። አንዱ ሽማግሌ ማንም ሳይነግረው ጣቱን ቀድሞ አኖረ፣ የድሮ ደንበኛ ይሆናል።

ሱቁ ጭር ሲል ወደኔ ዞረች። ለምን እንደመጣሁ አልጠየቀችም። የጠየቀችው ማክሰኞ የምትወጊኝ አንቺ ነሽ ወይ ብላ ነው። ሌላ ሰው ከፈለግሽ ከሐረር አስመጣልሻለሁ አልኳት። መነጽሩስ? አለች። እስካሁን አልወሰዱትም፣ ካልፈለግሽ አላደርገውም።

አሰበች። የተቆረጠ ዳንቴል ጭራ አንስታ በጣቷ ጠቀለለችው።

«መነጽሩ ምን አደረገኝ። ዳንቴሌን ያሳየኝ እሱ ነው። ግን እሱን ካጠለቅሽ በኋላ እኔን አታዪኝም። ስለዚህ መጀመሪያ እኔ።» ጣቷን ወደ ላይ ቀሰረች። «እንደ ደንበኛ። ጣቴን ሳላሳርፍ መቀስ የለም።»

ነጅማም መብራቱን ታውቃለች ወይ አልኳት። ነግሬያታለሁ፣ ተቆጥታለች፣ ይለቃታል አለችኝ። አለቀስኩ። እዚያው፣ ጨርቁ ስር። አዴ በዳንቴሉ አትጥረጊ፣ ይቧጥጥሻል አለችኝና መሐረቧን ሰጠችኝ።

ወሰንኩ፣ ማስታወሻዬ። መነጽሩን ቢተዉልኝም ባይተዉልኝም፣ ከአዴ ጀምሮ ለሚመጣው ሁሉ፤ መጀመሪያ ማሽኑን እየገፋሁ አልጋውን እዞራለሁ፣ ባያስፈልግም። ከዚያ ታካሚው በራሱ ጣት የሚሠራበትን ቦታ ያሳየኛል። ከዚያ መነጽር። ለዶ/ር ይ. ዛሬውኑ ደወልኩለት። በረጅሙ ተነፈሰና፣ እርስዎ ያሉት ይሁን አለኝ። ከአዴ ሲጠብቀው የኖረው እርስዎ ለኔ ደረሰኝ።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 22። ጠዋት 2፡20

መጥታለች። በር ላይ ሆኜ ነው የምጽፈው፣ ቶሎ ቶሎ።

ሒናው አልለቀቀም። ነጅማ በሳሙና፣ በሎሚ፣ በሁሉም ፈግፍጋዋለች፤ ሁለቱም ቀስቶች እንዳሉ ናቸው፣ ትንሽ ደብዘዝ ብለው። የግራው አሁንም ያምራል። ነጅማ ሰላም አለችኝ፣ ፊቷ ገና አልተፈታም። ልክ ናት።

አዴ ግን ግራ ጉልበቷ ላይ ነጭ ዳንቴል አስራለች፣ በቋጠሮ፣ እንደ ስጦታ ዕቃ። ይኼ ምንድነው ብላ ነርሷ ልትፈታው ስትል እጇን ያዘቻት። ይቺ ተኝታለች፣ ተራዋ እስኪደርስ እንዳትቀሰቅሷት አለቻት። ዶ/ር ይ. ሳቀ። እኔ መሳቅ አልቻልኩም።

ማሽኑን ገፍቻለሁ፣ አልጋውን ዞሬያለሁ። አንዱ ጎማ ይንጫጫል፤ ድምፁን ናፍቄው ነበር። መነጽሩ ደረት ኪሴ ውስጥ ነው፣ ገና አላጠለቅኩትም። ከዚህ ሆኜ ፊቷ ይታየኛል። ፈርታለች። ባለፈው አልፈራችም ነበር፣ ወይም ፈርታ አላየኋትም።

እየጠራችኝ ነው። ኢንተላ ኮ ትላለች። ጣቷን ከአሁኑ ቀኙ ላይ አሳርፋለች። ልሂድ።